የወር አበባ ለውጥን አስቀድሞ መንገር፦ ለቤተሰብ ዕቅድ አማካሪዎች

የሦስት ወሩን መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረውንና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ የሚጠቀሙ ሴቶች ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች ሁሉ የወር አበባ መዛባት ይበዛል። ጀምረው ከሚያቋርጡትም ብዙዎቹ የሚያቋርጡት በዚሁ ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ ለውጡ ያልታወቀ ነገር አለመሆኑ ነው፤ የትኛው ዘዴ በስንተኛው ወር ምን እንደሚያመጣ በደንብ ይታወቃል። «ትንሽ ሊያዛባብሽ ይችላል፣ ይለመዳል» ብሎ መሸኘት ምክር አይባልም። ሴቲቱ ቤቷ ገብታ በ40ኛው ቀን ሳታስበው ደም ሲመጣባት፣ እስከ ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችል፣ ምን ያህል ሲሆን እንደሚያሰጋና መቼ መመለስ እንዳለባት ከነገራችኋት አስታውሳ መረጋጋት አለባት።

ይህ መመሪያ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ለሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና አዋላጅ ነርሶች የተጻፈ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ለሚሠሩም ይጠቅማል፤ ብዙ ሴቶች «ደሜ በዛብኝ» ብለው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያ ነውና።

ከመንገር በፊት መጠየቅ

ዘዴዎቹን መዘርዘር ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ራሷ የወር አበባ ጠይቁ። በሩን ዝጉ። ባል ወይም አማት አብሯት ከመጣ፣ ቢያንስ ይህን ክፍል ለብቻዋ አነጋግሯት።

የወር አበባዋ ስንት ቀን ይቆያል? ብዙ በሚፈስበት ቀን ስንት ሞዴስ ወይም ጨርቅ ትለውጣለች? ሕመሙ ከሥራ ያስቀራታል? መጨረሻ የመጣው መቼ ነው? መልሱን ካርዷ ላይ ጻፉት፤ «5 ቀን፣ በቀን 3 ሞዴስ፣ ሕመም የለም» ያህል ይበቃል። ከሦስት ወር በኋላ «በዛብኝ» ብላ ስትመለስ የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው። ከራሷ ልማድ እጥፍ ከሆነ ወይም ከ8 ቀን በላይ ከቆየ ብዙ ወይም የረዘመ ደም ይባላል። መነሻው ካልተጻፈ ግን እናንተም እሷም በግምት ትነጋገራላችሁ።

ቀጥሎ ደሙ ቢለወጥ ኑሮዋ ውስጥ ምን እንደሚነካ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ የሚዘልሉት ይበዛሉ፤ ዘዴውን የሚያስመርጠው ግን እሱ ነው። በወር አበባዋ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የማትገባና የማትቆርብ ሴት፣ ወይም ሶላትና የረመዳን ጾም የምታቆም ሴት፣ ለ3 ሳምንት ጠብ ጠብ የሚል ደም ቢመጣባት ከሌላው ይልቅ ይከብዳታል። እዚህ ላይ በሃይማኖቱ ጉዳይ እናንተ ብይን አትስጡ። «እንዲህ ያለ ደም ሊመጣ ይችላል፤ ስለ ጸሎቱ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ»፣ ለሙስሊሟም «ያመንሽውን ዓሊም ጠይቂ» በሏት። በእስልምና የወር አበባ ደምና ከዚያ ውጭ የሚፈስ ደም የተለያየ ብይን ስላላቸው፣ የተጨነቀችበት ጉዳይ በአንድ ጥያቄ ሊቀልላት ይችላል። የእናንተ ድርሻ ደሙ ከመከላከያው የመጣ እንጂ መደበኛው ወር አበባ ላይሆን እንደሚችል በግልጽ መንገር ነው።

በድብቅ የምትጠቀምም አለች። መርፌውን የምትመርጠው ምልክት ስለማይተው ነው፤ ነገር ግን የወር አበባዋ ሲቀር ወይም ሲረዝም መጀመሪያ የሚያስተውለው ባሏ ነው። «የወር አበባሽ ቢቀር በቤት የሚጠይቅሽ ሰው አለ? ምን ትመልሺለታለሽ?» ብላችሁ አስቀድማ እንድታስብበት አድርጉ። የቀጠሮ ካርዷ ጤና ኬላው እንዲቀመጥላት ከፈለገች አስቀምጡላት፤ ቤቷ አትደውሉ።

ሌላዋ ደግሞ ደሟን ስታይ ነው አለማርገዟን የምታምነው። ለእሷ የወር አበባ የሚያስቀር ዘዴ በየወሩ ጭንቀት ነው። በተቃራኒው ደሙ ሲመጣ የሚያማት፣ የደም ማነስ ያለባት ወይም ውኃና ሞዴስ የሚቸግራት ሴት መቅረቱን በደስታ ልትቀበለው ትችላለች። ሳትጠይቁ ማን የትኛዋ እንደሆነች አታውቁም።

«ደሙ ታዲያ ወዴት ይሄዳል?»

ይህ ጥያቄ በአፏ ባይወጣም በልቧ አለ። ደሙ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ወደ ራስ ይወጣል፣ ዕጢ ይሆናል፣ ማህፀን ያደርቃል የሚል ወሬ ያልሰማች ሴት የለችም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እስክትጠይቃችሁ አትጠብቁ።

እንዲህ በሏት፦ «ማህፀን በየወሩ እንግዳ ሊመጣ ነው ብሎ አልጋ ያነጥፋል። እንግዳው ካልመጣ የተነጠፈውን ጠቅልሎ ያወጣዋል፤ የወር አበባ የምንለው ይኸው ነው። መርፌው ወይም የክንዱ መከላከያ ማህፀን ብዙ እንዳያነጥፍ ያደርገዋል። ስላልተነጠፈ የሚወጣም የለም። የተጠራቀመ ነገር የለም።» ጠብ ጠብ የሚለውም በዚሁ ይገለጻል፤ የማህፀኑ ሽፋን ስስ ስለሚሆንና ጥቃቅን የደም ሥሮቹ በቀላሉ ስለሚደሙ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይፈሳል። ቁስል ወይም ካንሰር ስላለባት አይደለም።

የወር አበባ መቅረት መካንነት አለመሆኑን በተለይ ለወጣቶቹና ገና ላልወለዱት ለይታችሁ ንገሩ። የሦስት ወሩ መርፌ ግን የተለየ ባሕርይ አለው፤ ከታች ታገኙታላችሁ።

በየዘዴው ምን ትነግሯታላችሁ

*የሦስት ወር መርፌ።* ሰፊ ጊዜ የሚጠይቀው ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ደሙ ያለ ቀኑ ሊመጣ ወይም ሊረዝም ይችላል። እየቆየ ይቀንሳል፤ በዓመቱ ግድም ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ጨርሶ አያዩም። ስትነግሯት ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፦ «መጀመሪያ ይዘበራረቃል፣ ከዚያ ይቀንሳል፣ ከዚያ ሊቀር ይችላል።» የመጀመሪያውን ብቻ የሰማች ሴት ደሙ ሲቀርባት አረገዝኩ ትላለች፤ የመጨረሻውን ብቻ የሰማች ደግሞ በሁለተኛው ወር ደም ስታይ መድኃኒቱ አልሠራም ብላ ትተወዋለች።

መርፌውን ስታቆም ማርገዝ መቻሏ ይዘገያል። የመጨረሻው መርፌ ከተወጋ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል፤ ከሌሎቹ ዘዴዎች ጥቂት ወራት የሚዘገይ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት መውለድ የምትፈልግ ሴት ይህን ሳታውቅ ከጀመረች፣ «መርፌው መካን አደረገኝ» የሚለው ወሬ ከእሷ ይነሳል። ወሬውን የሚያስቆመው ቀድሞ የተነገረው ቁጥር ነው።

ቀጠሮው በ13 ሳምንት ማለትም በ91 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር 3 ወር 90 ቀን ስለሆነ ጥቅምት 12 ለተወጋች ሴት ጥር 12 ብሎ መቅጠር ትክክል ነው። ጳጉሜን መሃል ከገባች 95 ወይም 96 ቀን ይሆናል፤ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እስከ 4 ሳምንት ዘግይታ ብትመጣም መወጋት ስለምትችል ይህ አያሰጋም። ቢሆንም ጳጉሜንን የሚያቋርጥ ቀጠሮ ስትጽፉ 5 ቀን ቀድሞ መቅጠር ይሻላል። የወር አበባዋ ስላልመጣ ብቻ መርፌውን «እስኪመጣ ጠብቂ» ብሎ መመለስ ስህተት ነው፤ በቀጠሮዋ እስከመጣች ድረስ ደም ሳታይ ትወጋለች።

*በክንድ የሚቀበረው።* ኢምፕላኖን አንድ ዘንግ ሆኖ ለ3 ዓመት፣ ጃዴል ሁለት ዘንግ ሆኖ ለ5 ዓመት ያገለግላል። የደሙ ጠባይ ከመርፌው የበለጠ ያልተገመተ ነው። በኢምፕላኖን ከ5 ሴቶች በአንዷ ገደማ ደሙ ይቀራል፤ ብዙዎቹ አልፎ አልፎ ጥቂት ያያሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ተደጋጋሚ ወይም የረዘመ ደም ይገጥማቸዋል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ደሙ ቀላል ከሆነላት አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ይቀጥላል። ካስቸገራት የመሻሻል ዕድል አለው፤ ለሁሉም ግን አይሻሻልም፤ ስለዚህ «በእርግጠኝነት ይስተካከላል» የሚል ተስፋ አትስጡ። መከላከያው ሲወጣ የማርገዝ ችሎታዋ ወዲያው ይመለሳል።

*ሉፕ።* የመዳብ ሉፕ ሆርሞን ስለሌለው የወር አበባን አያስቀርም፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ደሙን ያበዛዋል፣ ያረዝመዋል፣ ቁርጠቱንም ይጨምራል። ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር ፈጽሞ አይዘንጋ፦ የመዳብ ሉፕ ያላት ሴት የወር አበባዋ ከቀረ ምክንያቱ ሉፑ አይደለም። እርግዝና መርምሩ፤ በታችኛው ሆዷ ሕመም ካለ ደግሞ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሪፈር ጻፉ። ሆርሞን ያለው ሉፕ በሚገኝበት ቦታ ነገሩ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ደሙ በጣም ይቀንሳል ወይም ይቀራል። ሁለቱም «ሉፕ» ስለሚባሉ የትኛው እንደገባላት ካርዷ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

*በየቀኑ የሚዋጠው።* ጥምር እንክብሉ (ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለበት) ደሙን ያሳጥራል፣ ይቀንሳል፣ ቀኑንም ያስይዛል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት መሃል ላይ ጠብ ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ መሃል ላይ ደም ከመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ቀን ረሳሽ?» ነው። ባሏ ከሥራ ሲመለስ ብቻ የምትውጥም አለች፤ እንዲህ ሲዋጥ ደሙ ይዘበራረቃል፣ እርግዝናም አይከላከልም።

ማሸጊያው ሆርሞን ያለባቸው 21 እንክብሎችና ብዙውን ጊዜ ቡናማ የሆኑ 7 የብረት እንክብሎች አሉት፤ ደሙ የሚመጣው በቡናማዎቹ ሳምንት ነው። ማሸጊያው 28 ቀን፣ ማለትም ልክ 4 ሳምንት፣ ወራችን ደግሞ 30 ቀን ስለሆነ ደሙ የሚመጣው በዚያው የሳምንቱ ዕለት እንጂ በዚያው የወሩ ቀን አይደለም። መስከረም 20 ሰኞ ከመጣ ጥቅምት 18 ሰኞ ይመጣል። ይህ ካልተነገራት «በየወሩ ቀድሞ ይመጣብኛል» ብላ ትጨነቃለች። የምታጠባ ሴት የምትወስደው ጥምር ያልሆነ እንክብል ደግሞ የወር አበባው እንዲዘገይ ያደርጋል፤ ስታጠባ ደም አለማየቷ ከዚያም ይመጣልና አያስደንግጣት።

*ፖስትፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው የድንገተኛ መከላከያ)።* የሚቀጥለው ወር አበባ በጥቂት ቀናት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ከሚጠበቅበት ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ እርግዝና ትመርመር።

መልሳ ትንገራችሁ

«ገባሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አዎ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። «ቤት ገብተሽ ለእህትሽ ብትነግሪያት ስለ ደሙ ምን ትያታለሽ?» በሏት። ሦስት ነገር ሳትሳሳት መናገር አለባት፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ምን እንደሚጠብቃት፣ ደሙ ቢቀር ምን ማለት እንደሆነና የሚያስመልሳት ምልክት ምን እንደሆነ። ከተሳሳተች የተሳሳተችውን ብቻ ደግማችሁ አስረዷት።

ቀጠሮ ሳትጠብቅ የሚያስመልሷት እነዚህ ናቸው፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚሞላ ደም ለ2 ሰዓት ያህል ሲቀጥል፣ ደም ሲፈሳት ራስ ማዞርና መውደቅ፣ ኃይለኛ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም፣ የእርግዝና ስሜት።

«ደሜ አልቆም አለ» ብላ ስትመለስ

ቁጭ አድርጋችሁ ስሟት። በዚህ ደረጃ «ነግሬሽ ነበር» ማለት ያርቃታል። ከዚያ ካርዷን አውጡና ከመነሻው ጋር አወዳድሩ፤ ስንት ቀን ሆነ፣ በቀን ስንት ሞዴስ፣ ረጋ ያለ ደም አለው?

መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ከመከላከያው ሌላ ምክንያት እንደሌለ አረጋግጡ። እርግዝና፣ የማህፀን በር ቁስለትና በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ኢንፌክሽን፣ የማህፀን ዕጢ በቅድሚያ ይታሰባሉ። ለወራት ደህና ቆይቶ በድንገት የተለወጠ ደም ከመጀመሪያዎቹ ወራት መዛባት ይልቅ ያጠራጥራል። ከግንኙነት በኋላ ደም የምታይ ሴት የማህፀን በር ምርመራ ያስፈልጋታል፤ ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ምልክት ባይኖርም ቅድመ ምርመራውን አስታውሷት። የምትወስደውን መድኃኒትም ጠይቁ። የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ደግሞ ኢፋቪሬንዝ የክንዱን መከላከያና እንክብሉን ያዳክማሉ። እነዚህን ለሚወስዱ ሴቶች ያለ ቀኑ የመጣ ደም የመከላከያው መዳከም ምልክት ሊሆን ይችላል። የሦስት ወሩ መርፌ በእነዚህ አይዳከምም።

ሌላ ምክንያት ካልተገኘና ደሙ ካስቸገራት የአጭር ጊዜ ማስታገሻ አለ። መጠኑ እንደ ዘዴው ይለያያል፦

ለክንዱ መከላከያ፦ አይቡፕሮፌን 800 ሚሊ ግራም ወይም ሜፌናሚክ አሲድ 500 ሚሊ ግራም፣ በቀን 3 ጊዜ ከምግብ በኋላ፣ ለ5 ቀን።

ለመርፌው፦ ሜፌናሚክ አሲድ 500 ሚሊ ግራም፣ በቀን 2 ጊዜ ከምግብ በኋላ፣ ለ5 ቀን።

ለመዳብ ሉፕ፦ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም፣ በቀን 2 ጊዜ ከምግብ በኋላ፣ ለ5 ቀን፤ ከባድ ከሆነ በሐኪም ትእዛዝ ትራኔክሳሚክ አሲድ። አስፕሪን ግን አይሰጥ፤ ደሙን ይጨምራል።

ጨጓራ እንዳለባት ሳትጠይቁ አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ካለባት አይሆናትም። ጾም ላይ መሆኗንም ጠይቁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ወይም ረመዳንን የያዘች ሴት «በቀን 3 ጊዜ ከምግብ በኋላ» ብትባል ወይ በባዶ ሆዷ ትውጠዋለች ወይ ሦስቱን በአንድ ማታ ትጨርሳለች። ከምትበላባቸው ሰዓቶች ጋር የሚሄድ አወሳሰድ አብራችሁ አውጡ፤ ካልተቻለ ጾሙ እስኪያልፍ መጠበቅ ትችል እንደሆነ ተነጋገሩ።

ይህ ካልረዳት መርፌ ወይም የክንድ መከላከያ ላላት ሴት ጥምር እንክብል በቀን አንድ ለ21 ቀን ይሰጣል። ማሸጊያው ውስጥ ያሉት ቡናማዎቹ ለዚህ አይቆጠሩም። ከመስጠታችሁ በፊት የደም ግፊቷን ለኩ፤ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከ6 ወር በታች ሕፃን የምታጠባ ከሆነ፣ የደም መርጋት ወይም የጡት ካንሰር ከነበረባት፣ ብልጭታ የሚቀድመው የራስ ምታት ካለባት አትስጡ። ፋርማሲ ላይ ያለ ግፊት ልኬት መስጠት በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። መርፌውን ከቀጠሮው አስቀድሞ መድገምም የደም ማቆሚያ ሕክምና አይደለም።

እነዚህ መድኃኒቶች ለጊዜው ነው የሚያቆሙት፤ ሲያልቁ ደሙ ሊመለስ ይችላል። ይህን ከመነሻው ንገሯት፤ አለዚያ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣባት እናንተንም አታምንም።

ብዙ ደም ለፈሳት ሴት የዓይኗን ውስጠኛ ቆዳ እዩ፣ ከተቻለ ሄሞግሎቢን ለኩ። ብረት ስትሰጡ ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቃ እንድትውጥ አስረዷት። ጠዋት ቡና ላይ ቁጭ ብላ የምትውጠው ብረት አብዛኛው ሳይጠቅማት ይወጣል።

ደሙ ቀርቶባት ለመጣች ሴት የእርግዝና ምርመራ አድርጉላት፣ ምንም እንኳ መርፌዋን በቀኑ የወሰደች ቢሆን። ምርመራው ርካሽ ነው፤ በዓይኗ ያየችው አንድ መስመር ከእናንተ ረጅም ማብራሪያ የበለጠ ያረጋጋታል።

«አውጡልኝ» ስትል

ማስታገሻው ረዳትም አልረዳ፣ ሴቲቱ ይውጣልኝ ካለች ይውጣ። «ትንሽ ታገሺ፣ ገና 4 ወርሽ ነው» ማለት የሚቻለው አንድ ጊዜ፣ እንደ መረጃ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ማስገደድ ነው። የክንዱን መከላከያ የሚያወጣ ሰው በጤና ኬላው ከሌለ የት፣ በስንት ቀንና ማን እንደሚያወጣላት ጽፋችሁ ስጧት። ማውጣቱ እንደሚከብድ የሰሙ ጎረቤቶቿ ማስገባቱንም ይፈሩታል። በዚያው ዕለት ሌላ ዘዴ ትምረጥ፤ ደም የበዛባት ወደ መዳብ ሉፕ እንዳትሄድ፣ ደሙ መቅረቱ ያስጨነቃት ደግሞ የመዳብ ሉፑን ወይም ጥምር እንክብሉን እንድታስብበት አግዟት።

ወደ ዓረብ አገር ለምትሄድ

ለሥራ ከመሄዷ በፊት መርፌ ወይም የክንድ መከላከያ የምትወስድ ሴት ደሙ ቢዛባ እዚያ ጤና ተቋም በነፃነት መሄድ ላትችል ትችላለች። ስለዚህ ምክሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ መሰጠት አለበት። የዘዴውን ስም፣ የገባበትንና የሚያበቃበትን ቀን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉላት። የ3 ዓመቱ መከላከያ ኮንትራቷ ሳያልቅ የሚያበቃ ከሆነ ከአሁኑ ትወቀው። የክንድ መከላከያ ሊገባላት ከሆነ ከጉዞው 3 ወር ቀደም ብሎ እንዲሆን ምከሩ፤ ደሙ እንዴት እንደሚሆንላት አገሯ ሳለች ታየዋለች፣ ካልተስማማትም አስወጥታ ትሄዳለች።